«እኔስ በየትኛው ነው የምወዳደረው?»

መርሳ፣ አክስቴ ቤት ነን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የአክስቴ ልጅ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። የቪዲዮው ጩኸት ሲበዛ እናቱ «ኧረ አንተ ልጅ፣ ቀንሰው!» አለችው። አልቀነሰውም። ይልቅስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «ጋሼ፣ ይችን ልጅ አይተሃታል?» አለኝ።

አይቻታለሁ። ያየሽ ጌቴ ናት። ፓሪስ፣ የ2024ቱ ፓራሊምፒክ፣ የሴቶች 1500 ሜትር። ዓይኗ ተሸፍኗል፤ እጇ ከአጋር ሯጯ እጅ ጋር በአጭር ገመድ ተያይዟል። ሁለቱ እኩል ይረግጣሉ፣ እኩል ይታጠፋሉ። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ሲቆም 4፡27.68 ይላል፤ በምድቧ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። እኔ ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ሁለት ሰው እንዲያ አንድ ሆኖ ሲሮጥ ማየት በቃ ደስ ይላል።

ልጁ ግን ደስ ብሎት ብቻ አልነበረም የሚያየው። ቪዲዮውን አቆመውና «ጋሼ፣ እኔስ በየትኛው ነው የምወዳደረው?» አለኝ።

ስለ ስፖርት እጽፋለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው መልስ አጣሁ። «ቆይ አጣርቼ እነግርሃለሁ» ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ። ይህ ጽሑፍ ያጣራሁት ነው።

መጀመሪያ ልጁን ላስተዋውቃችሁ፤ ስሙን ግን አልነግራችሁም። 19 ዓመቱ ነው፣ የሀብሩ ልጅ። ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2014፣ ማሽላ ማሳ ውስጥ ሳይፈነዳ የቀረ ነገር ፈንድቶበት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጣ። ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ኳስ ሲጫወት ክንፍ ላይ ነበር የሚሰለፈው፤ እንደዚያ የሚፈተለክ ልጅ በቀበሌው አልነበረም። ደሴ ሄዶ ሰው ሠራሽ እግር ተሠርቶለታል። ችግሩ ልጁ እያደገ ነው። የተቆረጠው እግር ጫፍም ከጊዜ ጋር ቅርፁን ይለውጣል፣ እግሩ ወይ ይላላበታል ወይ ይጨምቀዋል። ለማስተካከል ከመርሳ ደሴ 90 ኪሎ ሜትር ነው። የመንገዱን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሹ እግር አልጋ ሥር ነው፣ እሱ በክራንች ነው።

ወልድያ ላይ ማክሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ክራንች ማየት እንግዳ አይሆንበትም። ድሮም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን በዛ። አንዳንዱ ወታደር የነበረ ነው፣ አንዳንዱ ገበሬ፣ አንዳንዷ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ልጅ። ከዚህ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በ2009 ጥር የተመረቀው፣ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ያስገነቡት፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘው ስታዲየም አለ። ክራንቹና ስታዲየሙ እዚያው አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። የልጁ ጥያቄ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

እሺ፣ ወደ ማጣራቱ።

ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ እስከ ፓሪስ ድረስ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ስድስት ናቸው፤ ሦስት ወርቅ፣ ሦስት ብር። ለንደን 2012 ላይ ወንድዬ ፍቅሬ የመጀመሪያውን ብር አመጣ። ሪዮ 2016 ላይ ታምሩ ደምሴ ብር ወሰደ። ቶኪዮ ላይ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ አጠለቀች፣ ፓሪስ ላይም ደገመችው። ፓሪስ ላይ ያየሽ ወርቅ፣ ይታያል ስለሺ ደግሞ ብር ጨመሩ።

አሁን እነዚህን ስድስት ሜዳሊያዎች ደርድራችሁ እዩዋቸው። ስድስቱም የ1500 ሜትር ናቸው። አንድ እንኳ 400 የለም፣ አንድ ውርወራ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ዋና የለም። ስድስቱም በአንድ ርቀት!

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ወንድዬ የሮጠው የእጅ ጉዳት ባለባቸው ምድብ፣ ቲ-46 በሚባለው ነው። ታምሩና ትዕግስት በቲ-13፣ ማለትም በከፊል ማየት በሚችሉት ምድብ። ያየሽና ይታያል በቲ-11፣ ማየት በተሳናቸው ምድብ። ከአምስቱ አንድም እግሩን ያጣ፣ አንድም ዊልቸር ላይ የተቀመጠ የለም።

ይህ እነሱን ለማሳነስ አይደለም፣ አላህ ያርቀኝ። ታምሩ ሪዮ ላይ የሮጠው 3፡48.49 ሰዓት እዚያው ሪዮ ላይ ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት የኦሊምፒኩን 1500 ካሸነፈው አሜሪካዊ 3፡50.00 ይፈጥናል። የኦሊምፒኩ ውድድር ታክቲክ የበዛበት፣ ቀርፋፋ ሩጫ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር። ቢሆንም ያ ሰዓት ሰዓት ነው።

እና ምክንያቱ ግልጽ ነው። 1500 ሜትር ለመሮጥ አቀበት፣ ቀጭን አየርና ጫማ ይበቃል፤ እነሱ ደግሞ አገራችን ሞልተዋል። ማየት ለተሳነው ሰው የሚጨመረው አንድ ፈጣንና ታማኝ አጋር ነው። እሱም አለን፣ ስንት ሯጭ ነው ያለን! እግሩን ያጣ ሰው ግን በሩጫ ለመወዳደር እንደ ምላጭ የተጠማዘዘ የካርቦን እግር ይፈልጋል። ዊልቸር ላይ የሚሮጠው ደግሞ ባለ ሦስት ጎማውን የውድድር ዊልቸር። ሁለቱም በሺህ ዶላሮች ነው የሚገዙት። በዚያ ላይ ደግሞ፣ ይህን ሳገኝ ነው የተናደድኩት፣ ሰው ሠራሽ እግር አድርገው ለሚሮጡ በፓሪሱ ፕሮግራም 1500 ሜትር ጭራሽ የለም። ያላቸው አጫጭሩ ሩጫና ዝላይ ነው። ማለትም አገሩ የሚያውቃት አንዷ ርቀት ለእኔ ልጅ አልተከፈተችም።

ልጁ ይህን በራሱ መንገድ ቀድሞ ደርሶበት ኖሯል። አንድ ቢሮ ሄዶ፣ የቢሮው ስም ይቆየን፣ «ስፖርት መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል የተቀመጡት ሰውዬ እግሩን ዓይተው «አንተማ ቼዝ ብትሞክር ይሻልሃል» አሉት። ቼዝ ጥሩ ጨዋታ ነው። ግን ክንፍ ላይ ሲፈተለክ ለኖረ ልጅ እንዲህ ይባላል?

የሚገርመው ግን ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ የጀመረችው በእግር ሳይሆን በዊልቸር ነው።

1961 ዓ.ም.ን ልብ በሉልኝ። ጥቅምት 10 ቀን ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን አሸነፈ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ፣ ጥቅምት 25፣ ቴል አቪቭ ላይ ፓራሊምፒክ ተከፈተ። ሜክሲኮ አላስተናግድም ስላለች ነው ውድድሩ እስራኤል የሄደው። ከ700 በላይ ተወዳዳሪዎች ነበሩ፣ ከእነሱ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያውያን። ያኔ ደግሞ ፓራሊምፒክ የዊልቸር ተወዳዳሪዎች ብቻ ነበር። እግራቸው የተቆረጠና ማየት የተሳናቸው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስለዚህ የአንበሳ ምልክት ያለበትን ባንዲራ ይዘው ቴል አቪቭ የገቡት ልጆቻችን ተቀምጠው ነው የገቡት። ያቺ አገር፣ ንጉሠ ነገሥት ያላት፣ የክብር ዘበኛ ያላት ኢትዮጵያ፣ ዛሬ የለችም። ስሟ ብቻ ነው የቀጠለው።

ከዚያ አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961፣ አበበ ቢቂላ በሸኖ መንገድ ላይ በቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠ።

ስለ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን፣ ቶኪዮ ላይ መድገሙን ሁላችንም እናውቃለን። ቲክቶክ ላይም ሞልቷል። ግን ሁለት ነገር ልጨምርላችሁ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። በስምንተኛው ቀን እዚያው ሮም ላይ የ23 አገሮች 400 ያህል ዊልቸር ተጠቃሚዎች የተካፈሉበት ውድድር ተከፈተ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የሚባለው እሱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ቶኪዮ ላይ አበበ አሸንፎ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁለተኛው ተከተለ። ሁለቱንም ጊዜ አበበ ከተማውን ለቆ ሲወጣ ዊልቸሮቹ ይገቡ ነበር።

ከአደጋው በኋላ አበበ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ይህ ሆስፒታል ማለት ደግሞ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 ጦርነት ለሰበራቸው ወታደሮች ውድድር አዘጋጅተው ነገሩን ሁሉ የጀመሩበት ቦታ ነው። የቀስት ውርወራ ነበር የመጀመሪያው ውድድር። አበበም እዚያ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በረዶ ላይ፣ ቁጭ ብሎ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ።

በረዶ ላይ! የጃቶው ልጅ! እኔ ይህን ያነበብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም። አበበ በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ እየሮጠ ነው የተሣለው። ተቀምጦ ሲያሸንፍ የሚያሳየውን ሥዕል እስካሁን አላየሁም። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 አረፈ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላም ዘውዱ ወረደ።

ደርግ መጣ። የደርግ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ኦሊምፒክን በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ጥላ ወጣች፣ በዚያው ዓመት ግን ቶሮንቶ ላይ በተደረገው ፓራሊምፒክ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980 ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ ፓራሊምፒኩን ሶቪየቶች አናስተናግድም ስላሉ ውድድሩ ሆላንድ፣ አርንሄም ተደረገ። የእኛዎቹ እዚያም ሄዱ። ታላቋ ሶቪየት ኅብረት ራሷ በበጋው ፓራሊምፒክ ብቅ ያለችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ነው፣ ከዚያ ፈረሰች። በዚህስ እኛ በ20 ዓመት ቀድመናታል።

ከአርንሄም በኋላ ግን 24 ዓመት ዝም። ኒው ዮርክና ስቶክ ማንደቪል የለንም፣ ሴኡል የለንም፣ ባርሴሎና የለንም፣ አትላንታና ሲድኒ የለንም። እስከ አቴንስ 2004 ድረስ። አስቡት፤ ያ ዘመን ከጦር ሜዳ አካሉን አጥቶ የሚመለሰው ወታደር የበዛበት ዘመን ነው። ጉትማን ሆስፒታሉን የሞላው ዓይነት ወጣት እዚህም ሞልቶ ነበር። የዚያ ትውልድ ሰዎች መርሳም ወልድያም አሉ፣ ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ሎተሪ ይሸጣል፣ አንዱ የሰዓት ጠጋኝ ነው። ለእነሱ «በየትኛው ልወዳደር?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አልደረሳቸውም።

ስንመለስ ደግሞ በሩጫ ተመለስን። ተቀማጮቹ በመንገድ ቀሩ።

የትዕግስት ወርቅ ቶኪዮ ላይ ሲመጣ፣ ነሐሴ 2013 መጨረሻ፣ እኛ አካባቢ ጦርነት ውስጥ ነበር። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። የአገሪቱ የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ የተገኘበትን ዜና እኔ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። በኋላ እግሩን የሚያጣው ልጅ ያኔ ገና ሁለት እግር ነበረው።

አሁን ወደ መልሱ ልምጣ፤ አጣርቼ አገኘሁት ወዳልኩት።

ዩጎዝላቪያ የምትባል አገር ነበረች። ፈረሰች። ከፍርስራሿ ከወጡት አንዷ ቦስኒያ ናት፤ ከእነሱ አቆጣጠር 1992 እስከ 1995 የከፋ ጦርነት አሳልፋለች። ጦርነቱ ሲያበቃ እግራቸውን በፈንጂ ያጡ ብዙ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ልጆች ምን አደረጉ? ወለል ላይ ቁጭ ብለው መረብ ኳስ ተጫወቱ። ሲቲንግ ቮሊቦል ይባላል። ቦስኒያ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 በነበሩት አምስት ፓራሊምፒኮች ሁሉ ለፍጻሜ ደረሰች፣ አቴንስና ለንደን ላይ ወርቅ ወሰደች። አምስቱንም ፍጻሜ የገጠመቻት ኢራን ናት፤ እሷም ከኢራቅ ጋር ስምንት ዓመት የተዋጋች፣ በጦርነት የቆሰሉ ሰዎች የሞሏት አገር። ከአህጉራችን ደግሞ ሩዋንዳ አለች። ለንደን 2012 ላይ በወንዶች ሲቲንግ ቮሊቦል ስትቀርብ በቡድኗ ውስጥ በእርስ በርሱ ጦርነት በተቃራኒ ጎራ የተዋጉ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን ለአክስቴ ስነግራት ረከቦቷን እያስተካከለች ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ጨዋታው ምን ይፈልጋል? ሜዳው 10 ሜትር በ6 ሜትር ነው። መረቡ ለወንዶች 1 ሜትር ከ15፣ ለሴቶች 1 ሜትር ከ5። በአንድ ወገን ስድስት ሰው። ኳስ ሲመታ መቀመጫ ከመሬት መነሳት የለበትም፤ ዋናው ሕግ እሱ ነው። ዊልቸር አያስፈልግም፣ የካርቦን እግር አያስፈልግም፤ ሰው ሠራሹም እግር ተፈቶ ዳር ይቀመጣል። መረብ፣ ኳስና ለስላሳ ወለል፣ በቃ። ከዚህ ሌላም አለ። ቆሞ መወርወር ለማይችል አሎሎና ጦር ተቀምጦ የሚወረወርበት ምድብ አለ፤ ወንበሩ ትራስን ጨምሮ ከ75 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ መሬት ላይ የታሰረ የብረት መቀመጫ ነው። ወልድያ ያሉ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች በአንድ ቀን ይሠሩታል። ማን በየትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚወስኑት የምድብ መርማሪዎች ናቸው፤ ያንን እኔ ለማንም ቃል ልገባ አልችልም።

ይህን ሁሉ ይዤ መርሳ ተመለስኩ። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱ አልፈካም።

«ቁጭ ብዬ?» አለ።

«አዎ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቁጭ ማለት ነው የሰለቸኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብያለሁ።»

ምን ትሉታላችሁ? እኔም ምንም አላልኩትም። የቦስኒያንና የኢራንን ጨዋታ ከዩቲዩብ አውርጄ በቴሌግራም ላኩለትና ወጥቼ ሄድኩ።

ማታ ላይ መጣና «ሜትር አለህ?» አለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ ሁለት የማንጎ ዛፎች መካከል ገመድ ወጠርን። 1 ሜትር ከ15 ስንለካ ገመዱ ወገቤ ጋ ነው። መሬቱ ጠጠር ስለነበረው ከጎረቤት የእህል ማስጫ ሸራ ተውሰን ዘረጋን። ኳሷን የሰጠን አንድ የስፖርት መምህር ነው፤ ትንሽ ትተነፍሳለች። ተጫዋች አልነበረንም። ልጁ አንድ ነው፣ ፖሊዮ እግሩን የያዘው አንድ የልብስ ሰፊ መጣልን፣ ሁለት። የቀሩት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ ሁለት ሁለት እግር ያላቸው፣ ሊስቁ የመጡ።

«ቁጭ በሉ» አላቸው። ተቀመጡ።

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የዞረው። ባለ ሁለት እግሮቹ እግራቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ኳስ በመጣ ቁጥር ለመነሳት ይሞክራሉ፤ ልጁ «ተነሳህ! ፋውል!» እያለ ይጮሃል። እሱ ራሱ በሁለት እጁ ሸራውን እየገፋ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሦስት ዓመት ሰውነቱን በክራንች የተሸከመ ክንድ ነው ያለው። አንዷን ኳስ ልብስ ሰፊው ከፍ አድርጎ ሰጠው፤ ዘሎ አይመታም፣ ባለበት ክንዱን ዘረጋና አሳረፈባት። ኳሷ ከገመዱ ማዶ የተቀመጠውን ልጅ ጉልበት መትታ እስከ አጥሩ ተንከባለለች። አክስቴ ከጓሮ በር ላይ ቆማ «ኧረ ቀስ፣ ሰው ትገድላለህ!» አለች። ግን እየሳቀች ነበር።

ስድስት ሰው ገና አልሞላም። በማክሰኞ ገበያ ላይ የሚያያቸውን ሰዎች እየቆጠረ ነው። «አንድ ሐራ አካባቢ ወታደር የነበረ አለ፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ለብሎክ ይሆናል» አለኝ ሲሸኘኝ። ቡድን ይሁን፣ ማን ያሠልጥነው፣ ከማን ጋር ይጋጠም፣ ገና ምኑም አልተያዘም። የወልድያው ስታዲየም ውስጥ 10 በ6 የምትሆን ለስላሳ ወለል በሳምንት ለሁለት ሰዓት ትገኝ እንደሆነ ልጠይቅለት ቃል ገብቻለሁ፤ በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

ወልድያ ስደርስ ቴሌግራም ገባ። ቪዲዮ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። ጽሑፍ ነው።

«ጋሼ፣ ሜትሩን ይዘኸው ሄድክ እኮ።»